ሜቲል ሲጨመርበት ለምን ቀድሞ ቀለጠ? ስለ ናይትሮጅን ቀለበቶችና ስለ ክሪስታላቸው

ጥያቄው የመጣው አዳማ ውስጥ የኬሚስትሪ ሁለተኛ ዲግሪዋን ከምትማር ልጅ ነው። ባጭሩ እንዲህ ትላለች፦ «ሰላም ዶክተር። ለመመረቂያ ሥራዬ ቤንዚሚዳዞል (ሁለት ናይትሮጅን ያለው ድርብ ቀለበት) ያለበት ውህድ ሠርቻለሁ። ናይትሮጅኑ ላይ ሃይድሮጅን ያለው ከ200 ዲግሪ በላይ ነው የሚቀልጠው። ያንኑ ውህድ ናይትሮጅኑ ላይ በሃይድሮጅኑ ምትክ ሜቲል (አንድ ካርቦን ከሦስት ሃይድሮጅን ጋር) አስገብቼ ስሞክረው ግን 100 እንኳ ሳይደርስ ቀለጠ። ክብደቱ ጨምሮ እንዴት ቀድሞ ይቀልጣል? ፒሪዲንም እኮ ናይትሮጅን አለው፤ ግን ፈሳሽ ነው። አማካሪዬ ‹ሃይድሮጅን ቦንድ ነው› ብለው አለፉት። መመረቂያዬን ሳቀርብ ይህን ብቻ ብዬ የማልፍ አይመስለኝም። አተሞቹ ክሪስታሉ ውስጥ የት እንዳሉ የሚያሳየው የነጠላ ክሪስታል ኤክስሬይ መሣሪያ ደግሞ አቅራቢያዬ የለም። በምን ላሳይ?»

አማካሪሽ ልክ ናቸው። ሃይድሮጅን ቦንድ ማለት የአንዱ ሞለኪውል ናይትሮጅን ወይም ኦክሲጅን ላይ ያለ ሃይድሮጅን በሌላው ሞለኪውል ነጻ ጥንድ ኤሌክትሮን ሲሳብ የሚፈጠር መያያዣ ነው፤ ሃይድሮጅኑን ያመጣው ሰጪ፣ የሳበው ተቀባይ ይባላል። ግን «ሃይድሮጅን ቦንድ» ማለት ብቻውን ፒሪዲን ለምን ፈሳሽ እንደሆነ አይመልስልሽም። «ናይትሮጅን አለው ወይ?» ብሎ መጠየቅም የትም አያደርስም። የሚያዋጣው ጥያቄ ሌላ ነው። የትኛው ናይትሮጅን ሃይድሮጅን ይዟል? የትኛውስ ነጻ ጥንድ ኤሌክትሮን አለው? ሁለቱስ ፊታቸውን ወዴት አዙረዋል? የክሪስታሉ መልክ በአብዛኛው በዚህ ይወሰናል። አንቺ ያየሽው የመቅለጫ ነጥብ ልዩነትም ከዚያ ነው የሚመነጨው።

ከትንንሾቹ ሞለኪውሎች ልጀምር። ፒሪዲን ስድስት አተሞች ያሉት ቀለበት ነው። ናይትሮጅኑ ለአሮማቲክ ደመናው፣ ማለትም የቀለበቱ አተሞች በጋራ ለሚይዙትና ቀለበቱን ለሚያረጋው የኤሌክትሮን ደመና፣ የሚያዋጣው አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ነው። ነጻው ጥንድ ኤሌክትሮን በቀለበቱ ጠለል ላይ ሆኖ ወደ ውጭ ያያል። ስለዚህ ፒሪዲን ሃይድሮጅን መቀበል ይችላል። ችግሩ የሚሰጠው የለውም። ጠርሙሱ ውስጥ ያሉት ሞለኪውሎች በሙሉ ተቀባዮች ናቸው። ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ 115 ላይ ይፈላል።

ፒሮል የዚህ ተቃራኒ ነው። ቀለበቱ አምስት አተም ብቻ ነው ያለው። አሮማቲክ ለመሆን ስድስት ኤሌክትሮን ያስፈልገዋል። አራቱን ካርቦኖቹ ያመጣሉ፣ ቀሪዎቹን ሁለቱን ናይትሮጅኑ ይሞላል። ያ ጥንድ ኤሌክትሮን እንግዲህ ሥራ ይዟል፤ ነጻ አይደለም። ናይትሮጅኑ ሃይድሮጅን ስላለው መስጠት ይችላል፣ የሚቀበለው ናይትሮጅን ግን አያገኝም። ያለው አማራጭ ሃይድሮጅኑን ወደ ጎረቤቱ የኤሌክትሮን ደመና ማዞር ነው፤ ይህ ደግሞ ደካማ መያዣ ነው። ፒሮል ከዜሮ በታች 23 ላይ ይቀልጣል፣ 130 ላይ ይፈላል።

አሁን ኢሚዳዞልን ተመልከቺ። በአንድ ቀለበት ውስጥ ሁለቱንም ዓይነት ናይትሮጅን ይዟል፤ አንዱ እንደ ፒሮል ይሰጣል፣ ሌላው እንደ ፒሪዲን ይቀበላል። ሞላር ክብደቱ 68 ነው፤ ከፒሪዲን 79 ያንሳል። የሚቀልጠው ግን 90 ዲግሪ ላይ ነው፣ የሚፈላው ደግሞ 256 ላይ። ሰጪው ናይትሮጅን ላይ ሜቲል ስታስገቢ ክብደቱ 82 ይሆናል፤ ውጤቱ ግን ክፍል ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ የሚቀመጥ፣ 198 ላይ የሚፈላ ነገር ነው። ሜቲሉ የተቀመጠው መስጫው ላይ ነው። ተቀባዩ ናይትሮጅን አሁንም አለ፣ ሰጪ ግን ጠፋ። አንቺ ያየሽው ነገርም ይኸው ነው። ራሱ ቤንዚሚዳዞል 170 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ሜቲል ያለበት ወንድሙ 60 አካባቢ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላሳስብሽ። መጽሐፍ ላይ ያሉት የመፍላት ነጥቦች በባሕር ወለል ግፊት የተለኩ ናቸው። አዳማ ከ1600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነች፤ ውሃ እንኳ እዚያ 95 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። ላብራቶሪሽ ውስጥ የምትለኪው የመፍላት ነጥብ ዝቅ ቢል ውህዱ ቆሽሿል ብለሽ አትደንግጪ። የመቅለጫ ነጥብ ግን በከፍታ ምክንያት የሚታይ ለውጥ የለውም። ለዚህ ክርክር የመቅለጫ ነጥብን ብትይዢ ይሻልሻል።

ወደ ክሪስታሉ እንግባ። ኢሚዳዞል ሲረጋ ሞለኪውሎቹ በረጅም ሰንሰለት ይያያዛሉ። እያንዳንዱ ሞለኪውል አንድ ሃይድሮጅን ለፊተኛው ይሰጣል፣ አንድ ከኋለኛው ይቀበላል። በተያያዙት ሁለት ናይትሮጅኖች መካከል ያለው ርቀት 2.86 አንግስትሮም ነው (አንግስትሮም የሜትር አሥር ቢሊዮንኛ ነው)። ይህ ቁጥር ብዙ ይናገራል። ሁለት ናይትሮጅኖች ዝም ብለው ጎን ለጎን ቢነካኩ እንኳ 3.1 አንግስትሮም ያህል መራራቅ ነበረባቸው። እዚህ ግን መካከላቸው ሃይድሮጅን ተቀምጦ ሳለ ከዚያም በላይ ተቀራርበዋል። ሰንሰለቱ ራሱን በራሱ ያጠናክራል። አንድ ሞለኪውል ሃይድሮጅኑን ወደ ጎረቤቱ ሲያስጠጋ የኤሌክትሮን ጫናው ወደ ሌላኛው ናይትሮጅኑ ይገፋል። ያኛው ናይትሮጅን ደግሞ በዚህ የተነሳ የተሻለ ተቀባይ ይሆናል። አንዱ ቦንድ ቀጣዩን ያበረታል። ኢሚዳዞል ከመጠኑ በላይ የሚጠነክረው አንድም በዚህ ነው።

ለምን ሰንሰለት? ለምን ሁለት ሁለት ሆነው ተቃቅፈው አልቀሩም? ይህ ለእኔ የጉዳዩ በጣም ጣፋጩ ክፍል ነው፤ ምክንያቱም መልሱ በአንድ እስክሪብቶና ወረቀት ይገኛል። ባለ አምስት ጎን ቀለበት ሳዪ። ከእያንዳንዱ ጫፍ ወደ ውጭ ቀስት አውጪ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቀስቶች መካከል 72 ዲግሪ አለ፤ አንድ ጫፍ ዘለው ያሉት መካከል ደግሞ 144። ኢሚዳዞል ላይ ሰጪውና ተቀባዩ በአንድ ካርቦን ስለተለያዩ 144 ዲግሪ ተራርቀው ያያሉ። አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ እንደማለት ነው። ሁለት ሞለኪውል ፊት ለፊት ገጥሞ ሁለቱን ቦንድ አንድ ላይ ሊዘጋ አይችልም። ያለው መንገድ መቀጠል ነው።

እንደ ኢሚዳዞል ባለ አምስት አተም ቀለበት የሆነው ፒራዞል ላይ ግን ሁለቱ ናይትሮጅኖች ጎን ለጎን ናቸው። በ72 ዲግሪ ልዩነት ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚያዩት ማለት ይቻላል። ስለዚህ ክብ መሥራት ይችላሉ። ስንት ሆነው ክብ እንደሚሠሩ የሚወስነው ጎናቸው ላይ ያለው ተቀጥላ ነው። ሦስተኛውና አምስተኛው ቦታ ላይ ሜቲል ያለበት ፒራዞል በክሪስታሉ ውስጥ ሦስት ሦስት ሆኖ ይከባል። በሜቲሎቹ ቦታ ፌኒል (ባለ ስድስት ካርቦን ቀለበት) ሲገባ አራት አራት ይሆናል። ግዙፉ ተርሸሪ ቡቲል ሲገባ ደግሞ ሁለት ሁለት ብቻ። ምንም ያልተቀጠለበት ፒራዞል ግን ሰንሰለት ይሠራል፤ 70 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል። ሰጪውም ተቀባዩም አንድ ናቸው፤ ተቀጥላው ብቻ ተቀይሮ የክሪስታሉ አሠራር ሙሉ በሙሉ ተቀየረ። በእነዚህ ክቦች ውስጥ ሃይድሮጅኖቹ በጠጣሩ ውስጥ እንዳሉ ከአንዱ ናይትሮጅን ወደ ሌላው አብረው እንደሚዘሉ በጠጣር ኤንኤምአር (አተሞችን በማግኔት በሚመረምር ዘዴ) ታይቷል። ክሪስታል የማይንቀሳቀስ ነገር የሚመስለን ብዙዎች ነን፤ አይደለም።

እንግዲህ ወደ አንቺ ውህድ ስትመለሺ የመጀመሪያው ሥራሽ ሰጪና ተቀባዮቹን በሙሉ መቁጠር ነው። ሁለተኛው ቦታ ላይ፣ ማለትም በሁለቱ ናይትሮጅኖች መካከል ባለው ካርቦን ላይ፣ ምን እንዳለ አልነገርሽኝም፤ እሱ ብዙ ይቀይራል። አሜሪካዊቷ ኬሚስት ማርጋሬት ኤተር በ1990 ባሳተመችው ጽሑፍ ለዚህ የሚረዱ ደንቦችን አስቀምጣለች። ዋናው ነገር ይህ ነው፦ በመጀመሪያ በሞለኪውሉ ውስጥ ስድስት አባል ያለው ቀለበት የሚዘጋ ቦንድ ካለ እሱ ይቀድማል። ከዚያ የቀረው ምርጥ ሰጪ ከቀረው ምርጥ ተቀባይ ጋር ይገናኛል። ለምሳሌ ሁለተኛው ቦታ ላይ ያለው ፌኒል ኦርቶ ላይ (ከተያያዘበት ካርቦን ቀጥሎ ባለው ላይ) ኦኤች፣ ማለትም ኦክሲጅንና ሃይድሮጅን፣ ካለው፣ ኦኤቹ እዚያው ሞለኪውል ውስጥ ያለውን ተቀባይ ናይትሮጅን ይይዛል። ያን ጊዜ ሰጪው ናይትሮጅን ሌላ ናይትሮጅን ስለማያገኝ ወደ ጎረቤት ሞለኪውል ኦክሲጅን ይሄዳል። «ቤንዚሚዳዞል ስለሆነ ከናይትሮጅን ወደ ናይትሮጅን ሰንሰለት ይሠራል» ብለሽ ብትጽፊ ስህተት ይሆናል። ደንቡ ግን ደንብ ነው እንጂ ዋስትና አይደለም። ካርስት ሁግስቲን በ1959 የአዴኒንና የታይሚን ዘመዶችን አብሮ አክሪስታሎ ሲያይ፣ ሁሉም የሚጠብቀው የዲኤንኤ አገጣጠም አልነበረም ያገኘው። አዴኒኑ የተያዘው በሌላ ናይትሮጅን፣ በሰባተኛው፣ በኩል ነበር። ዛሬም አገጣጠሙ በእሱ ስም ይጠራል።

አሁን ደግሞ ጥንቃቄ። የመቅለጫ ነጥብን ሁሉ ለሃይድሮጅን ቦንድ አትስጪ። ፈታኞችሽ ጠንቃቃ ከሆኑ እዚህ ላይ ነው የሚይዙሽ። ፒራዚንን ውሰጂ። ስድስት አባል ያለው ቀለበት ነው፣ ሁለት ናይትሮጅኖች ፊት ለፊት አሉት፣ ሰጪ የለውም። ሆኖም ከ50 ዲግሪ በላይ ነው የሚቀልጠው። ሞለኪውሉ ሲሜትሪው ከፍ ያለ ስለሆነ በክሪስታል ውስጥ በደንብ ይደረደራል። ሲፈላ ግን ይህ ጥቅም የለም፤ ልክ እንደ ፒሪዲን 115 ላይ ይፈላል። ፒሪዳዚን ደግሞ ሰጪ ሳይኖረው 208 ላይ ይፈላል፤ ሁለቱ ናይትሮጅኖች ጎን ለጎን ስለሆኑ ዳይፖሉ (የኤሌክትሪክ ጫናው ወደ አንድ ወገን ማጋደሉ) በጣም ትልቅ ነው። የመቅለጫ ነጥቡ ግን ከዜሮ በታች ነው። ፒሪሚዲን በሁለቱ መካከል ነው፤ 22 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። አዳማ ከሰዓት በኋላ ጠርሙሱን ብታዪው ፈሳሽ ነው፤ አዲስ አበባ ሌሊት ሊረጋ ይችላል። እንግዲህ ክርክርሽ «ከፍ ብሎ ስለቀለጠ ሃይድሮጅን ቦንድ አለው» መሆን የለበትም። ጥሩው ነገር አንቺ ጥንድ ውህድ አለሽ። ልዩነታቸው አንድ ሜቲል ብቻ ነው። ማነጻጸሪያው ከዚህ የተሻለ አይገኝም።

የቡናችን ካፌይን ራሱ ይህን ያሳያል። ካፌይን፣ ቲዮፊሊንና ቲዮብሮሚን አንድ ዓይነት ድርብ ቀለበት አላቸው። ካፌይን ሦስት ሜቲል ስላለው ሰጪ የሚሆን ናይትሮጅን አልቀረለትም፤ የሚቀልጠው 235 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቲዮፊሊን አንድ ሜቲል ሲቀንስ 270 ላይ ደርሷል። ቲዮብሮሚን ደግሞ ሌላኛው ሜቲል ሲቀነስ ወደ 350 ይጠጋል። ካፌይን ሰጪ ባይኖረውም እንደ ፒሪዲኑ ዓይነት አንድ ጥሩ ተቀባይ ናይትሮጅን አለው። ስለዚህ ከውሃ ሲያክሪስታሉት ውሃን ይይዛል። የውሃው ሞለኪውሎች በካፌይን ክምሮች መካከል ባለ ቀጭን ቦይ ይሰለፋሉ። የላብ ተማሪ ያወጣው ረጅም መርፌ የመሰለ ክሪስታል ደረቅ አየር ላይ ሲቆይ ግልጽነቱን አጥቶ ነጭ ዱቄት የሚመስለው ያ ውሃ ጥሎት ሲሄድ ነው።

ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልምጣ፦ ያለ ነጠላ ክሪስታል መሣሪያ በምን ታሳዪያለሽ? ኢንፍራሬድ (የቦንዶችን ንዝረት የሚለካ መሣሪያ) አለሽ ብዬ እገምታለሁ። ነጻ የሆነ የናይትሮጅንና ሃይድሮጅን መወጠር 3500 (ማዕበል በሴንቲሜትር) አካባቢ ቀጭን ጫፍ ሆኖ ይታያል። ጠጣር ቤንዚሚዳዞል ላይ ግን ያ ጫፍ ይጠፋና ከ3200 እስከ 2500 የሚዘረጋ ሰፊ ጉብታ ይመጣል። ጠጣሩን ለኪ፤ ቀጥሎ በክሎሮፎርም በጣም አቅጥነሽ ለኪ። ጉብታው ሲቀንስና ቀጭኑ ጫፍ ሲወጣ ካየሽ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ተያይዘው እንደነበር ጥሩ ማስረጃ አለሽ። ሜቲል ያለበት ላይ ሁለቱም መጥፋት አለባቸው። ጠጣሩን ለመለካት የምትቀላቅይበትን ፖታስየም ብሮማይድ በደንብ አድርቂ። እርጥበት ካለው የውሃው ጫፍ 3400 አካባቢ መጥቶ ያወናብድሻል።

አንድ ነገር ግን አደራ። በዲኤምኤስኦ (በላብራቶሪ የተለመደ ሟሟ) የተለካ ኤንኤምአር ላይ 12 ፒፒኤም ገደማ የምታዪውን የናይትሮጅን ሃይድሮጅን «የክሪስታሉ ሃይድሮጅን ቦንድ ማስረጃ» ብለሽ አታቅርቢ። ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ አየዋለሁ፣ ያሳዝነኛል። ዲኤምኤስኦ ራሱ ኃይለኛ ተቀባይ ነው። እዚያ ያየሽው ውህድሽ ከሟሟው ጋር ያደረገውን ትስስር ነው፤ ክሪስታሉ ውስጥ ስላለው ምንም አይነግርሽም። የዱቄት ኤክስሬይም ብታገኚ የክሪስታሉን ማንነት ለመለየት ይጠቅማል፣ የሃይድሮጅኑን ቦታ ግን አያሳይሽም።

ቀጥሎ የሌሎችን ሥራ ተጠቀሚ። ኦልጋ ኬናርድ በ1965 ካምብሪጅ ውስጥ የጀመሩት የክሪስታል መዝገብ በ2019 አንድ ሚሊዮን መዋቅር አልፏል። ነጠላ መዋቅሮችን በነጻ ማየትና ማውረድ ይቻላል። ፋይሎቹ ትንንሽ ስለሆኑ ደካማ ኢንተርኔትም ይበቃቸዋል። መርኩሪ የሚባለው ሶፍትዌር ነጻ ቅጂ አለው። የውህድሽን የቅርብ ዘመዶች አውርደሽ የናይትሮጅን ለናይትሮጅን ርቀቶችን ለኪ። ሰንሰለት ናቸው ወይስ ክብ? ከሟሟ ጋር ናቸው ወይስ ብቻቸውን? አምስት ስድስት ዘመድ ካየሽ በኋላ ስለ ራስሽ ውህድ የምትይው ነገር መሠረት ይኖረዋል። ያንን ግን «ይጠበቃል» ብለሽ ጻፊ፤ «ነው» አትበዪ።

ክሪስታል ማሳደጉን ግን አትተዪው። መሣሪያው ሩቅ ቢሆንም ጥሩ ክሪስታል ካለሽ የሚለካልሽ ሰው ይገኛል። አዳማ ላይ ትልቁ ጠላትሽ ሙቀቱ ነው። ኤታኖል ክፍት ቢከር ውስጥ ካስቀመጥሽ ቶሎ ይተንና ዱቄት ብቻ ይቀርልሻል። ትንሽ ጠርሙስ ውሰጂ፣ አፉን በፎይል ሸፍኚ፣ በመርፌ አንድ ሁለት ቀዳዳ ብቻ አድርጊ። ከመስኮት ራቅ አድርገሽ፣ ፎም ሳጥን ውስጥ አስቀምጪውና አትነካኪው። ካልሆነ ውህዱን በኤቲል አሲቴት አሟሚና ጠርሙሱን ክፍት እንዳለ ሄክሳን ባለበት ሰፊ ዕቃ ውስጥ ክተቺ፤ ሰፊውን ዕቃ ክደኚው። ሄክሳኑ በእንፋሎት እየገባ ክሪስታሉን ቀስ ብሎ ያወርደዋል። ዲኤምኤስኦና ሜታኖልን መጨረሻ ላይ ሞክሪ። ሁለቱም ሃይድሮጅን ቦንድ ስለሚወዱ ክሪስታሉ ውስጥ ገብተው ይቀመጣሉ፤ ያን ጊዜ የምታጠኚው ሌላ ነገር ነው።

ክሪስታሉን ለመለካት ስትልኪ ደግሞ ዝም ብለሽ አትላኪ። ኤክስሬይ የሚያየው ኤሌክትሮን ነው። ሃይድሮጅን ያለው አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ነው፣ እሱም ወደ ናይትሮጅኑ ተስቦ ነው የሚገኘው። ስለዚህ በኤክስሬይ የናይትሮጅንና የሃይድሮጅን ርቀት 0.87 አንግስትሮም ገደማ ሆኖ ይወጣል። በኒውትሮን ሲለካ ግን 1.02 አካባቢ ነው። ጽሑፍሽ ላይ ዋናው ማስረጃ የናይትሮጅን ለናይትሮጅን ርቀቱ ይሁን፤ እሱ በኤክስሬይም በደንብ ይለካል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ሶፍትዌሩ ሃይድሮጅኑን በስሌት አንድ ቦታ ላይ ያስቀምጠዋል እንጂ ከመረጃው አያገኘውም። ካርቦን ላይ ላሉት ይህ ችግር የለውም። ናይትሮጅን ላይ ላለው ግን ጥያቄሽ ራሱ እሱ ስለሆነ ከቀሪው የኤሌክትሮን ካርታ እንዲፈልጉልሽ ጠይቂ። ቤንዚሚዳዞልሽ አምስተኛው ቦታ ላይ ተቀጥላ ካለው ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል። ሃይድሮጅኑ ከሁለቱ ናይትሮጅኖች በአንዱ ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ግማሽ ግማሽ ተከፍሎ በሁለቱም ላይ ሊሆንም ይችላል።

ከካርቦክሲሊክ አሲድ ጋር አብረሽ ካክሪስታልሽ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፦ ሃይድሮጅኑ አሲዱ ላይ ቀረ ወይስ ወደ ናይትሮጅኑ ተሻገረ? የፒኬኤ (ሃይድሮጅንን አጥብቆ የመያዝ መለኪያ) ልዩነታቸው ከ3 ወይም ከ4 በላይ ከሆነ ተሻግሯል፣ ጨው ሆኗል ብለሽ መጠበቅ ትችያለሽ። ቤንዞይክ አሲድ 4.2 ነው፣ 4-አሚኖፒሪዲን 9.1። ይህ ጨው ነው። ፒሪዲን ግን 5.2 ስለሆነ ከቤንዞይክ አሲድ ጋር ያለው ልዩነት ትንሽ ነው፤ በቁጥር ብቻ አትፍረጂ። የአሲዱን ሁለት የካርቦንና ኦክሲጅን ርቀቶች እዪ። አንዱ 1.21 ሌላው 1.31 ከሆነ ሃይድሮጅኑ እዚያው አለ። ሁለቱም 1.25 አካባቢ ከሆኑ ሄዷል። ፒሪዲን ቀለበት ላይ ደግሞ በናይትሮጅኑ ላይ ያለው ማዕዘን 117 ከነበረበት ወደ 122 ይሰፋል። እነዚህን ከባድ አተሞቹ ራሳቸው ስለሚነግሩሽ ከሃይድሮጅኑ ቦታ በላይ ይታመናሉ።

ለሚለካልሽ ሰው የምትልኪው ደብዳቤ ላይ የተጠቀምሽውን ሟሟ፣ ያለሽን የኢንፍራሬድ ውጤትና የምትጠብቂውን ሞለኪውል ሥዕል አብረሽ አስገቢ። ልኬቱ በ100 ኬልቪን አካባቢ እንዲሆንም ጠይቂ፤ አተሞቹ ረጋ ሲሉ ያ ትንሽ ሃይድሮጅን ካርታው ላይ የመታየት ዕድሉ ይጨምራል። ሁለተኛው ቦታ ላይ ያለውን ተቀጥላ ከጻፍሽልኝ ደግሞ የትኞቹን ዘመዶች መዝገቡ ውስጥ መፈለግ እንዳለብሽ እነግርሻለሁ።